የወፍ ቆሎ ከአጥራችን ይነቀል ወይስ ይቆይ?

በአማርኛ የወፍ ቆሎ፥ በሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ የሚባለውን ቍጥቋጦ የማያውቅ የሐረር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ትንንሽ አበቦቹ ባንድ ራስ ላይ ተሰብስበው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ብጫ የነበሩት ሲሰነብቱ ወደ ብርቱካንማ፥ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሮዝ ይለወጣሉ። ውሃ አጠጡኝ አይልም፤ እሾኻማ ስለ ሆነም ፍየል አያሳልፍም፤ ንብና ቢራቢሮም ይወዱታል። የቤታችን አጥር በአንድ በኩል እርሱ ብቻ ነው፤ እናቴም በጣም ይሳሱለታል። ዘንድሮ በባዮሎጂ ስለ መጤ ተክሎች ስንማር ግን ይህ አጥር ይነቀል ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ በቤታችን ተነሣ። የመረመርሁትን ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። አውሮፓውያን ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ብለው ወስደው ወደ ብዙ አገሮች አዳረሱት፤ ወደ እኛም የመጣው ለጌጥ ነው። በአውስትራሊያ ዛሬ ወደ 4 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት መሬት ይዟል። በሃዋይ ደሴቶች ሊገቱት ስላልቻሉ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የሚበሉትን ነፍሳት ከሜክሲኮ አስመጥተው ለቀቁበት። ትል ከባሕር ማዶ ያስመጣ ተክል የዋዛ አይደለም!

የሚስፋፋበት ዘዴ በስሙ ይታወቃል። ፍሬው ሲበስል ይጠቍራል፤ ወፎች ይበሉትና ዘሩን ርቀው ሄደው ከኵሳቸው ጋር ይጥሉታል። ስለዚህ «በግቢዬ አጥሬ ይዤዋለሁ» ማለት ከንቱ ነው። ከአጥራችን ውጭ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ወርጄ ብፈልግ፥ ማንም ያልተከላቸው 23 ችግኞች አገኘሁ፤ የሚበዙትም ወፍ ከሚያርፍበት ግራር ሥር ነበሩ።

ከሁሉ የሚከፋው በከብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ቅጠሉ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ የበላ ከብት መብል ይተዋል፥ ዐይኑ ብጫ ይሆናል፥ ፀሐይ ሲመታውም ቆዳው ይቆስላል። በደኅና ጊዜ ከብት አይነካውም፤ በበጋ ሣር ሲያልቅ ግን ረኃብ ያስገድደዋል። ከመውረጃው በታች ላምና በግ የሚያሰማሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እንግዲህ አበባው ለእኛ፥ መርዙ ለእነርሱ ሊሆን ነውን? ጥሬ ፍሬውም ለሕፃናት አደገኛ ነው።

እናቴ «ዘር የማይሰጥ ዓይነት አለ ይባላል፤ እርሱን እንትከል» አሉኝ። መካን የተባሉ ዝርያዎች በርግጥ አሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ጥቂት ዘር ይሰጣሉ፥ የአበባቸውም ዱቄት ከዱሩ ዓይነት ጋር ሊዳቀል ይችላል። ስለዚህ በእኔ ፍርድ መነቀል አለበት።

መቍረጥ ብቻ አይጠቅምም፤ ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፥ ፍሬው ሳይበስል፥ ከነሥሩ በዶማ ቈፍሮ ማውጣትና ድንጋይ ላይ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ የተጣለ ግንድ እንደገና ሥር ይሰዳልና።

እናቴ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲነቀል አልፈቀዱም። የተስማማነው በዚህ ክረምት ለመውረጃው የሚቀርበውን እኩሌታ ነቅለን ኮሽም ልንተክል ነው። ኮሽም የአገራችን ተክል ነው፤ እሾኹ ፍየል ያቆማል፥ ፍሬውም ይበላል። ሆኖም እስኪደርስ ዓመታት ስለሚወስድ በመካከሉ የጭራሮ አጥር ያስፈልገናል። የቀረውን እኩሌታ ፍሬ ሳይዝ መከርከም የእኔ ሥራ ሆኗል።