የሐሳብ ቅደም ተከተል በገላጭ ድርሰት

አንድን አሠራር በጽሑፍ ስታስረዱ አስቀድማችሁ ልትወስኑት የሚገባችሁ የትኛው ሐሳብ ይቅደም የሚለውን ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በየራሱ ትክክል ቢሆን እንኳ አንባቢው ይሳሳታል። የሚከተለውን ምሳሌ ተመልከቱ።

በአሜሪካ አገር፣ በውስጡ አልጋ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ያለው ተሽከርካሪ ቤት እየነዱ የሚዘዋወሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም በርካቶቹ፣ በተለይም ጡረተኞች፣ የብርዱን ወራት በአሪዞና በረሃ፣ በኳርትዝሳይት ከተማ አካባቢ ያሳልፋሉ። በሚሰፍሩበት ሜዳ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ፣ ብዙዎቹ ኃይል የሚያገኙት በጣሪያቸው ላይ ከተከሉት የሶላር ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ቀን ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ባትሪ ያጠራቅመዋል፤ ሲመሽ አምፖሉም፣ የውሃው ፓምፕም፣ የማሞቂያው ማራገቢያም የሚሠሩት በዚያው ባትሪ ነው። ማራገቢያው ካልዞረ የጋዙ ማሞቂያ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጋዝ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጀማሪ ጸሐፊ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፤

«መብራት እንዳይቋረጥ ትልቅ ሰሌዳ መግዛት ያስፈልጋል። ትልቅ ሰሌዳ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ሌሊት ችግር አይኖርም።»

ሰዋስዉ አልተጓደለም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ከመልሱ ጀመረ እንጂ ጥያቄውን አላነሣም። ጥያቄው «በአንድ ሌሊት የሚያስፈልገው ኃይል ምን ያህል ነው?» የሚል ነበር። የተቃናውን አንቀጽ ደግሞ አንብቡ፤

«ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም ስለማይገባ፣ ለሌሊቱ የሚውለው 600 ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 18 ዋት የሚፈጁ 6 ባለ ክር አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 540 ዋት-ሰዓት ይጨርሳሉ። ስለዚህ 90 ዋት የሚፈጅ ማራገቢያ ከ40 ደቂቃ በላይ ሊሠራ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በብርድ ያነጋል። አምፖሎቹ ባለ 3 ዋት በሆኑ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ቢተኩ ግን መብራቱ የሚወስደው 90 ዋት-ሰዓት ብቻ ስለሚሆን፣ በሚተርፈው 510 ማራገቢያው ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይሠራል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሰሌዳው ገና ስሙ እንኳ እንዳልተነሣ ልብ በሉ። ተራው የሚደርሰው አሁን ነው። ባለ 100 ዋት ሰሌዳ ሙሉ ፀሐይ ለ5 ሰዓት ቢያገኝ ከ500 ዋት-ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ በሙቀትና በሽቦ የሚባክን አለ። የባለ ክር አምፖሎቹን ፍጆታ ብቻ እንኳ አይሸፍንም።

«ስለዚህ» የሚለው ቃል በሁለቱም አንቀጾች ውስጥ ይገኛል። በመጀመሪያው ውስጥ ግን የሚደገፍበት ነገር የለውም፤ በሁለተኛው ውስጥ 540ን ከ600 ቀንሶ 60 ያገኘ አንባቢ ጸሐፊውን ሳይጠብቅ ራሱ ከድምዳሜው ይደርሳል። «ነገር ግን» የሚለውም ቢወጣ 600 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

መልመጃ

1. የሰሌዳውን ስሌት የሚያስረዳ ሦስተኛ አንቀጽ ጻፉ። «ስለሆነም» እና «ይሁን እንጂ» የሚሉትን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ።

2. በቤታችሁ በአንድ ምሽት የሚበሩትን አምፖሎች ቁጥር፣ በላያቸው የተጻፈውን ዋትና የሚበሩበትን ሰዓት መዝግባችሁ፣ ፍጆታቸውን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። በቤታችሁ ኤሌክትሪክ ከሌለ የምትጠቀሙበትን መብራትና የሚፈጀውን ነገር መጠን ግለጹ።