"ፓፉ ለመደኝ መሰለኝ" — የአስም መድኃኒት ለምን መሥራት ያቆማል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሆነውብኛል። "ዶክተር፣ አስም ካለብኝ ብዙ ዓመቴ ነው። ድሮ ቬንቶሊን አንዴ ስስብ ወዲያው ቀለል ይለኝ ነበር። አሁን አምስት ስድስት ጊዜ ስቤም አይሻለኝም። ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ፣ ጠንከር ያለ ይዘዙልኝ" የሚል ነው።

በመጀመሪያ አንዲት እናት ያስተማሩኝን ልንገራችሁ።

ደባርቅ አካባቢ በምሠራበት ጊዜ ነው። እኚህ እናት ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን በሚኒባስ ወጥተው መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። "ልጄ፣ ይቺ የምትነፋዋ መድኃኒት ለመደችኝ" አሉኝ። ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። (ይህን የምለው ሰበብ ይሁነኝ ብዬ ነው፣ ሰበብ ግን አይሆነኝም።) ሁለት ቬንቶሊን ጻፍኩላቸውና ሸኘኋቸው። እንዴት እንደሚስቡት አልጠየቅኩም። በቀን ስንቴ እንደሚስቡትም አልጠየቅኩም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሌሊት አመጧቸው። ወደፊት ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸዋል። ኦክስጅን፣ በጭጋግ መልክ የሚሰጥ ሳልቡታሞልና ስቴሮይድ ሰጥተን ሲነጋጋ ነው መናገር የቻሉት። ያኔ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ሦስት ሰማያዊ ፓፍ ዘረገፉልኝ። "ሁሉንም ሞክሬያቸው ነበር" አሉ። ሁለቱ ባዶ ነበሩ።

ባዶ ከሆኑ እንዴት ይነፋሉ? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። አብዛኛው ቬንቶሊን 200 ንፊት ይይዛል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የቀረው ጋዝ ፍስስ እያለ መውጣቱን ይቀጥላል። ድምፁ አለ፣ ጭጋጉ አለ፣ መድኃኒቱ ግን የለም ወይም አይበቃም። ነቅንቆ ማዳመጥም ሆነ ቆርቆሮውን ውሃ ላይ ማንሳፈፍ አያሳይም፤ መቁጠር ብቻ ነው ያለው። ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ያላቸው ፓፎች አሉ፣ ከሌለው በራስ መቁጠር ነው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሰውነት ቬንቶሊንን ይለምዳል ወይስ አይለምድም?

በከፊል አዎ። በአየር ቧንቧችን ጡንቻዎች ላይ ቬንቶሊን (ሳልቡታሞል) የሚያንኳኳቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ጡንቻው ይላላል፣ አየር ያልፋል። በየቀኑ ደጋግሞ ሲንኳኳ ግን ሰውነት የበሮቹን ቁጥር ይቀንሳል። ቬንቶሊንን በየዕለቱ ለአንድና ለሁለት ሳምንት መውሰድ ብቻ እንኳ የማስታገስ ኃይሉን ሊቀንሰውና ቧንቧውን ለጭስና ለብርድ ይበልጥ ቁጡ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ "ለመደኝ" የምትሉኝ ሰዎች፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳታችሁም።

ትልቁ ምክንያት ግን ይሄ አይደለም። አስም የጡንቻ መጨበጥ ብቻ አይደለም። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያመርታል። ቬንቶሊን ጡንቻውን ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካውም። ጣሪያ ሲያፈስ ከሥር ሳፋ እንደ መደቀን ማለት ነው። ሳፋው ቤቱን ለጊዜው ከመራስ ያድናል፣ ቀዳዳው ግን እየሰፋ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሳፋ አልበቃ ሲል "ሳፋው ደከመ" እንላለን። የደከመው ሳፋው ነው እንዴ?

ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዚላንድ ውስጥ ፌኖቴሮል የሚባል ጠንካራ የሚሳብ ማስታገሻ ገበያ ገባ። ከዚያ በኋላ በአስም የሚሞተው ሰው ቁጥር በጣም ጨመረ፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በ1989 የአገሪቱ ተመራማሪዎች መድኃኒቱንና ሞቱን የሚያያይዝ ጥናት አወጡ፣ ክርክሩም ጦፈ። መድኃኒቱ ሲገደብ ሞቱ ቀነሰ። "ጠንከር ያለ ይዘዙልኝ" ስትሉኝ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። በ2019 ደግሞ ጂና የተባለው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ማንኛውም የአስም ታካሚ በቬንቶሊን ብቻ እንዳይታከም መከረ። ለሃምሳ ዓመት የሠራንበትን ነገር የቀየረ ምክር ነው።

ታዲያ ቀዳዳውን የሚደፍነው ምንድነው? የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ቤክሎሜታሶን ነው፤ ቡዴሶናይድን ከፎርሞቴሮል ጋር አንድ ላይ የያዘም አለ። ይህ መድኃኒት እብጠቱን ያበርዳል። ደስ የሚለው ደግሞ ሰውነት አይለምደውም፣ እንዲያውም ቬንቶሊን ያደከማቸውን በሮች መልሶ ያነቃቃል። ችግሩ ወዲያው አይሰማም። ሲስቡት ምንም ለውጥ የለም፣ ጥቅሙ በቀናትና በሳምንታት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰው ሁለት ቀን ይሞክርና "ይሄማ አይሠራም" ብሎ ያስቀምጠዋል። ወይም ደግሞ ይሻለውና "ድኛለሁ" ብሎ ያቆማል፣ ከወር በኋላ ሲብስበት "መድኃኒቱ ከዳኝ" ይላል። መድኃኒቱ አልከዳም፣ የለም እኮ!

"ስቴሮይድ" የሚለው ቃል እንደሚያስፈራችሁ አውቃለሁ። የሚሳበው መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፣ በቀጥታም ሳንባ ላይ ነው የሚያርፈው። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥምጣችሁ ከተፋችሁ የአፍ ፈንገሱም ይቀንሳል። እኔን ይልቅ የሚያስፈራኝ በየጊዜው በታመማችሁ ቁጥር የምትወስዱት የፕሬድኒሶሎን ኪኒንና መርፌ ነው። ሲያጣድፍ ሕይወት ያድናል፣ አልክድም። ሲደጋገም ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በድንገት ማቆም የለበትም።

ስቴሮይዱና ቬንቶሊኑ በሁለት ፓፍ የሆነ፣ በሽታውም አልፎ አልፎ ብቻ የሚነሳበት ሰው ቬንቶሊን በሳበ ቁጥር ቤክሎሜታሶኑንም ቢስብ በመመሪያው የተፈቀደ መንገድ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ወይም በሳምንት ብዙ ቀን የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ እንደታዘዘላችሁ መውሰድ ነው። አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ቬንቶሊን ከጨረሳችሁ አስማችሁ በቁጥጥር ሥር አይደለም። በወር አንድ የሚጨርስ ሰው በአስም የመሞት አደጋው ከፍ ይላል።

አሁን ለሰሜን ሰዎች የሚሆን አንድ ነገር። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጠዋቱን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከውስጡ የሚወጣው መድኃኒት ይቀንሳል። ስለዚህ ማታ ከትራስ ሥር ወይም ከሰውነታችሁ ጠጋ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ከመሳባችሁ በፊት በመዳፋችሁ አሙቁት፣ ነቅንቁት። ሊማሊሞን ወርዳችሁ አዲ አርቃይ ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ጠላቱ ሙቀት ይሆናል። መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ እሳት አጠገብም አታስቀምጡት።

አሳሳቡም ዋና ነገር ነው። እኚያ እናት መጀመሪያ ይጫኑታል፣ ከዚያ ይስባሉ። መድኃኒቱ ምላሳቸው ላይ ይቀራል። ትክክለኛው፦ ነቅንቁ፣ ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ከንፈራችሁን ግጠሙበት፣ በዝግታ መሳብ ስትጀምሩ ተጫኑ፣ እስከ 10 ቆጥራችሁ ያዙት። ካልተቻለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱና ፓፉን አስገብታችሁ አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን ድፈኑ። አንዴ ተጭናችሁ በጠርሙሱ አፍ አምስት ስድስት ጊዜ ተንፍሱ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት፣ በሚገባ የተደፈነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተሻላችሁ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ኩበትና እርጥብ እንጨት በሚጨስበት ዝግ ማዕድ ቤት እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ በውቂያ ጊዜ እብቅ የሚበንበት ገበሬ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ለነዚህ መድኃኒት ብቻ አይበቃም። ለግፊት ወይም ለልብ ምት የሚታዘዙት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል እነዚያኑ በሮች ስለሚዘጉ ቬንቶሊንን ያከሽፉታል። ራሳችሁ አታቁሙት፣ ለሐኪማችሁ "አስም አለብኝ" በሉት። ደግሞም ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ አስም የለበትም። የልብ ሕመም፣ ቲቢ፣ የዓመታት ጭስ የጎዳው ሳንባ ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ወይም ቬንቶሊኑ ሦስት አራት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ከተመለሰባችሁ ነገን አትጠብቁ። ትልቅ ሰው ከሆነ መንገድ ላይም እያላችሁ በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ንፊት፣ አንድ በአንድ፣ በጠርሙሱ እየሳበ ይምጣ። ከአዲ አርቃይ ዳገቱን መውጣት ሰዓት ይፈጃልና በጊዜ ተነሱ።

እናታችን ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ለሰማያዊው ፓፍ 200 ሽምብራ ቆጥረን ጣሳ ውስጥ ጨመርን። በሳቡ ቁጥር አንድ ያወጣሉ፣ ጣሳው ሲጎድል ይመጣሉ። ቤክሎሜታሶኑን ጠዋትና ማታ የልጅ ልጃቸው ታስታውሳቸዋለች። በሦስተኛው ወር ጣሳውን ይዘው መጡ፣ ግማሹ እንኳ አልወጣም። ከኋላቸው ጎረቤታቸውን አስከትለዋል። "እሷንም ለምዷታል፣ እስቲ የያዘችውን እያት" አሉኝ። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አራት ሰማያዊ ፓፍ ነበር። ከመካከላቸው የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው።