በመከራ ዘመን ምን ይዘመራል?
ከዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሕይወት የተወሰደ ጥናት



ለዚህ እትም ጥናት አንድ ዘማሪ መርጠናል። በየቤቱ ተሰብስባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት መዝሙር 137ን፣ ዳንኤል 3ንና የሐዋርያት ሥራ 16፥19-34ን አንብባችሁ ብትመጡ መልካም ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን ቢላ አካባቢ ካሉ መዘምራን የሰማነው ጥያቄ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ባለበት ስፍራ ምን ይዘመራል? ዝም ማለት አይሻልም ወይ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ መልስ ለመስጠትም አልቸኮልንም። ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት በሕይወቱ የመለሰ ሰው ብንፈልግ ግን ተስፋዬ ጋቢሶን አገኘን።

ዘማሪ ተስፋዬ የሲዳማ ሰው ናቸው። ሲዳማ ከቢላ እጅግ ሩቅ ነው። እኛ በቦጂ ምድር የምንጸልየው በኦሮምኛ ነው፤ አናሲሞስ ነሲብ የመጀመሪያውን የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1887 አሳትመውልን፣ ወንጌልም እ.ኤ.አ. በ1898 ቦጂ ደርሶ፣ አባቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ሲያመሰግኑ ኖረዋል። ተስፋዬ ደግሞ የታወቁበትን መዝሙር የደረሱት በአማርኛ ነው። ታዲያ ምን አገናኘን? የደርግ ዘመን አገናኘን።

በዚያ ዘመን እምነታችንን አንክድም ያሉ ወጣቶች በየስፍራው ታሰሩ። ተስፋዬም ከእነርሱ አንዱ ሆነው ሰባት ዓመት በወኅኒ ቆዩ። ሰባት ዓመት ለወጣት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል፤ ሌላው ተምሮ፣ አግብቶ፣ ጎጆ የሚወጣበት ዕድሜ ነው። በእኛም ወገን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የቦጂ ተወላጅ የሆኑት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ።

የቤተ ክርስቲያን በር ሲዘጋ መዝሙር በካሴት ሄደ። ሁለት ቴፕ ይገጣጠማል፣ ካሴቱ ይገለበጣል፣ የተገለበጠው ደግሞ እንደ ገና ይገለበጣል። በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ እየደከመ፣ ሹክሹክታው እየበዛ ይሄዳል። ቢሆንም ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማ ነበር፤ ቃሉን በልቡ ከያዘው በኋላማ ካሴቱን ቢወስዱበት ምን ይጎድልበታል? (የዛሬ ልጆች በስልካቸው መቶ መዝሙር ይዘው አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው የማያውቁ መሆናቸው አንዳንዴ ያሳዝነናል።)

ተስፋዬ በእስር ቤት ሆነውም መድረሳቸውን አልተዉም። ከመቶ በላይ የሚሆኑ መዝሙሮቻቸውን ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ ያገለገሉት ሊላ ባሊስኪ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አውጥተዋል። እኚህ ጸሐፊ መዝሙሮቹን በሦስት ስፍራ ያዩአቸዋል፤ በባቢሎን፣ በመካከለኛው ዘመንና በጽዮን። ባቢሎን ምርኮው ነው፤ ጽዮን ተስፋው ነው። እኛን ግን ይበልጥ የያዘን መካከለኛው ነው። መከራው ገና አላለፈም፣ ቤት ገና አልተሠራም፣ ሰው ግን መኖር አለበት፤ ማልቀስም መጸለይም መዝራትም አለበት። ነገ ጠዋት ሁሉ ይስተካከልልሃል የሚል መዝሙር ዛሬ በዝቷል። እንዲህ ያለው መዝሙር በመጠለያ ውስጥ ሲዘመር ሰሚውን ያቆስለዋል ብለን እናምናለን። በዳንኤል 3፥17-18 ያሉት ሦስቱ ሰዎች አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም ለምስሉ እንደማይሰግዱ አከሉ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መያዝ ነው እንግዲህ መካከለኛው ዘመን።

አሁን ወደ መዝሙር 137 እንምጣ። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ምርኮኞቹን ዘምሩልን ያላቸው ማን ነው? የማረካቸው ነው። እነርሱም በገናቸውን ሰቀሉ። ይህ ክፍል እኛን የእርዳታ ሠራተኞችን በቀጥታ ይነካናል። እንግዶች ከሩቅ ሲመጡ፣ ካሜራም ሲዘጋጅ፣ እህል ሊቀበሉ የተሰለፉትን እናቶች እስቲ አንድ መዝሙር ዘምሩ ማለት ተለምዷል። አይገባም እንላለን። በደርግ ዘመን በቀበሌ አዳራሽ መፈክርና የአብዮት መዝሙር በትእዛዝ ሲዘመር ያዩ ሽማግሌዎች በመካከላችን አሉ፤ የታዘዘ መዝሙር ምን ዓይነት እንደሆነ እነርሱ ይንገሩን። ሽንብራና ዘይት የምንሰጠው ለሰው በሰውነቱ ነው፤ መዝሙር ዋጋው አይደለም።

ሆኖም ሳይታዘዝ የሚወጣ መዝሙር አለ። ጳውሎስና ሲላስ የዘመሩት ምድር ሳትናወጥ፣ በሩም ሳይከፈት፣ ጀርባቸው ገና እየደማ ነው። ታሪኩ በመዝሙሩ ቢያበቃ ኖሮ ግማሹን ብቻ በያዝን ነበር። የወኅኒው ጠባቂ በዚያው ሌሊት ቁስላቸውን አጠበ፣ ቤቱ አግብቶ ማዕድ አቀረበላቸው (ቁ. 33-34)። መዝሙር፣ ቁስል ማጠብና እንጀራ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት ተገናኙ። የመካነ ኢየሱስ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ስብከተ ወንጌልና የሰው ልማት አይነጣጠሉም ብለው የጻፉት ደብዳቤ ያነሣው ይህንኑ ነገር ነው።

ስለዚህ ለቢላ መዘምራን ያልናቸው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ከተፈናቀሉት ጋር ተቀመጡ፣ ውኃ ቅዱ፣ እንጨት ልቀሙ። ከመካከላቸው አንዱ ዜማ ቢያነሣ ተቀበሉት። ካላነሣ ዝም ብላችሁ አብራችሁ ዋሉ።

ለውይይት፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ ባለፈው ወር የዘመረቻቸውን መዝሙሮች በወረቀት ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ ሰባት ዓመት የታሰረ ሰው በወኅኒ ሊዘምራቸው የሚችሉት የትኞቹ ናቸው? ቤቷ የተቃጠለባት እናትስ የትኛውን ትዘምራለች? የማይሆኑትን ስትሰርዙ ምክንያቱን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት።