ሁለት መዝገቦች፦ የኃይል ወጪና የልቀት ቅነሳ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተዳፋት

መግቢያ

የከተማ አስተዳደሮች ወደ ንጹሕ ኃይል ሲሸጋገሩ ወጪያቸውም የሚለቁት በካይ ጋዝም አብረው ይቀንሳሉ የሚለው አስተሳሰብ በአመዛኙ የተቀረጸው ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ በሚያመነጩ አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች አንድ የመንገድ መብራት በቆጣቢ አምፖል ሲተካ የገንዘቡም የካርቦኑም ሒሳብ በአንድነት ይወርዳል። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ሁለቱ ሒሳቦች ይለያያሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የየካ ክፍለ ከተማንና የእንጦጦን ተዳፋት በአብነት በመውሰድ ልዩነቱ የት እንደሚፈጠርና በአካባቢ አስተዳደር ደረጃ እንዴት ሊጠብ እንደሚችል ይመረምራል።

የባሕር ዛፉ ውርስ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ በፍጥነት ተመነጠረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እንዲነሣ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው የማገዶ እጥረት ነበር። እጥረቱን ያቃለለው ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦም ከዚያ ወዲህ የከተማዋ የማገዶ ጎተራ ሆኖ ኖረ። የተራራውን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማው ገበያ የሚያወርዱት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ሲከፈት ይህ ግንኙነት ተለወጠ። የከተማው አስተዳደር በ2014 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የለሚ የእንጀራ ማምረቻም ቀድሞ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ይተዳደሩ ለነበሩ እናቶች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ሆኖም የማገዶ አቅርቦት መገደቡ ብቻውን የማገዶ ፍላጎትን አያጠፋም። ምድጃው ካልተለወጠ ፍላጎቱ ከከተማዋ ውጭ ወደሚከስል እንጨት ይዞራል። በባህላዊ አከሳሰል አብዛኛው የእንጨቱ ኃይል ገና ከመንደዱ በፊት ስለሚባክን ይህ መተካካት ልቀቱን ሊያባብሰው ይችላል።

አንድ የመንገድ መብራትና አንድ ምጣድ

የሁለቱን ሒሳቦች ልዩነት ለማሳየት ቀላል ስሌት በቂ ነው። የ250 ዋት የሶዲየም መብራት በ100 ዋት ኤልኢዲ ተተክቶ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ በዓመት 657 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠባል። ይህ በአስተዳደሩ ሒሳብ ላይ ግልጽ ቅናሽ ነው። በልቀት መዝገብ ላይ ግን የተቆጠበው ኤሌክትሪክ ከውኃ የመነጨ በመሆኑ ውጤቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሁን ይኸው ኃይል ወደ ማእድ ቤት ቢዞር ምን እንደሚሆን እንመልከት። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ዓመታዊ ፍጆታው 546 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከአንድ የመንገድ መብራት የሚገኘው ቁጠባ የአንድን ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ይጋግራል። ያ ቤተሰብ ቀድሞ በሦስት ጉልቻ ለአንድ ጋገራ 8 ኪሎ እንጨት ያነድ ነበር ብንል በዓመት 830 ኪሎ ያህል እንጨት ይድናል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 1.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ከምድጃው የሚቀረው ልቀት ወደ 1.4 ቶን ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ዛፉ መልሶ በማደግ የሚወስደው ተቀናሽ ይሆናል፤ ከጭሱ የሚገላገለው የእናትና የሕፃን ሳንባ ግን ተቀናሽ የለውም።

ሁለቱም መዝገቦች የሚወርዱባቸው ቦታዎች

ገንዘብና ልቀት አብረው የሚቀንሱበት ቀዳሚ ስፍራ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር በጤና ጣቢያዎችና በአስተዳደር ሕንጻዎች የሚነሣው ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲያመነጭ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣቱ ይህንን ኃይል ይበልጥ ውድ አድርጎታል። በጣሪያ ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይል ከባትሪ ጋር አስቀድሞ መተካት ያለበት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ስፍራ ውኃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃን 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ያለ አንዳች ብክነት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ብቃቱ 65 በመቶ በሆነ ፓምፕ ደግሞ 0.42 ይደርሳል። እንደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች ከቧንቧ የሚፈስ ውኃን መጠገን ማለት ሽቅብ የተገፋበትን ኃይልም ማዳን ነው። ውኃውን የሚገፋው የናፍጣ ጄኔሬተር በሚሆንባቸው ሰዓታት ጥገናው ልቀትንም ይቀንሳል።

የሽግግሩ ዋጋ በማን ላይ ይወድቃል?

ከላይ የተሰላው የምጣድ ፍጆታ በወር 45.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ2011 ዓ.ም. የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ዝቅተኛ ተጠቃሚዎችን ለመጠበቅ የለየው የመጀመሪያ እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን እርከኑን ሊሞላው ይቃረባል። አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጨመሩ ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ የተሸጋገረ ድሀ ቤተሰብ ከተደጎመው እርከን ይወጣል። ብዙ አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙባቸው የቀበሌ ቤቶች ሁኔታው ይብሳል፤ የሁሉም ፍጆታ በአንድነት ስለሚደመር ድሆቹ በከፍተኛ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላሉ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መደረጉ ሸክሙን ያከብደዋል።

ስለዚህ የመብራቱ ቁጠባ በአስተዳደሩ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ የልቀት ቅነሳው ወጪ ግን በነዋሪው ላይ ያርፋል። ሁለቱን የሚያገናኝ አሠራር ከሌለ ሽግግሩ ራሱ ይቆማል፤ ምጣዱ ይሰቀልና ጉልቻው ይመለሳል።

መደምደሚያ

ከዚህ ትንታኔ ሦስት የአሠራር ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የቀበሌ ቤቶች አከራይ ራሱ የአካባቢው አስተዳደር በመሆኑ፣ ከመብራትና ከፓምፕ ቁጠባ የሚገኘው ገንዘብ ለእነዚህ ቤቶች የተናጠል ቆጣሪ ማስገቢያ ሊውል ይገባል። ሁለተኛ፣ ብዙ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲለኮሱ የሰፈር ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ስለሚጫን፣ የጋራ የመጋገሪያ ማእከላት ጭነቱን በሰዓት ከፋፍለው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ማእከላቱ ከማገዶ ሸክም ለተለዩ ሴቶችም መተዳደሪያ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ የክፍለ ከተማው ዓመታዊ ሪፖርት የኃይል ወጪን በብር፣ ማገዶን በኪሎ፣ ናፍጣን በሊትር ለይቶ ቢመዘግብ የትኛው ርምጃ ገንዘብን፣ የትኛው ልቀትን፣ የትኛውስ ሁለቱንም እንደቀነሰ መለየት ይቻላል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ከቀዳሚ ተግባራቱ አንዱ አድርጎ ነበር። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ይዞ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። የቀረው ጥያቄ ይህ ኃይል ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የቀበሌ ቤት ማእድ ቤት የሚደርስበት ቆጣሪና የሚከፈልበት ዋጋ ነው።