የሩቁ ዜማና የቅርቡ ዜማ

ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር ያለች የቆላ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ስለ ተፈቀደ፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን የእንፋሎት መርከብ ይመጣባት ነበር። በዚያ አገር አኙዋክ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ፤ ሁሉም የየራሳቸው ዘፈን አላቸው። አኙዋኮች ቶም የሚባል የዜማ መሣሪያ አላቸው። ቶም ቀጫጭን የብረት ምላሶች በእንጨት ሣጥን ላይ ተደርድረው የሚታሰሩበት ነው፤ ተጫዋቹም በሁለት አውራ ጣቶቹ እየነካ ያሰማዋል።

አሁን አንድ ምሳሌ ስሙ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሚሲዮናዊ በጋምቤላ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው ልዩ ልዩ ዜማ መስማት ደስ ይለው ነበር። የአገሩን መዝሙር ይዘምራል፤ የቅዱስ ያሬድን ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ ለመስማት ሌሊት ይነሣል፤ ማታም የብራዚልን ሙዚቃ በሸክላ ያሰማል።

ከተማሪዎቹ አንዱ፥ የአኙዋክ ልጅ፥ ቶሙን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት መጣ። ከደጋ የመጣ ጓደኛው ግን «በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ይህ ምንድር ነው? የሕፃን መጫወቻ ነው» ብሎ ሳቀበት። ልጁም አፍሮ ቶሙን ከመኝታው ሥር ደበቀው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ አልነካውም።

ሚሲዮናዊው ይህን ባወቀ ጊዜ አልተቈጣም። ማታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አንድ ሸክላ አሰማቸው። የደጋው ልጅ «እንዴት ያለ መልካም ዜማ ነው! የፈረንጅ አገር ብልሃት ነው» አለ።

መምህሩም መለሰ፦ «ይህ ቢሪምባው ይባላል። እንጨት እንደ ቀስት ተለጥጦ ሽቦ ይወጠርበታል፥ ቅል ይታሰርለታል፥ በቀጭን በትርም ይመታል። በብራዚል ይጫወቱታል፤ ወደዚያ የወሰዱት ግን ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። በብራዚል ባርነት በሕግ የቀረው በ1880 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ሰዎች አገራቸውንና ነጻነታቸውን ተቀሙ፤ ዜማቸውን ግን የቀማቸው የለም። እንግዲህ አንተ ከባሕር ማዶ መጣ ብለህ ያደነቅኸው የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ከአጠገብህ ያለውን ወንድሙን ግን ናቅኸው።»

ልጁ አፈረ። ወደ ጓደኛውም ሄዶ «ወንድሜ ሆይ፥ ይቅር በለኝ፤ ቶምህን አምጣና አሰማን» አለው። የአኙዋኩም ልጅ አምጥቶ ተጫወተ፤ ሚሲዮናዊውም እንደ ተማሪ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ በኋላ የደጋው ልጅ ቶሙን ተቀብሎ ሞከረ፤ አውራ ጣቶቹ ግን አልታዘዙለትም። የሕፃን መጫወቻ ያለውን እርሱ ራሱ መጫወት አቃተው። ባለ ቶሙም ሳይስቅበት እጁን ይዞ ያስተምረው ጀመር።

ልጆች ሆይ፥ የሌላውን ዜማ ለመውደድ የራስን መጥላት አያሻም። ያላወቁትን መናቅ ቀላል ነው፤ ቀርቦ መስማት ግን ዕውቀትንም ወዳጅንም ያስገኛል።

ጥያቄ።
1. ቶም ከምን ይሠራል?
2. የአኙዋኩ ልጅ ቶሙን ስለ ምን ደበቀው?
3. የደጋው ልጅ ምን ተማረ?