ባዶ የመሰለውን ጣሳ አትድፉ!

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የበረንዳ አበባ የሚያድገው በድልህ ጣሳ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና እጀታው በተነቀለ ባልዲ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ የለኝም፣ ቦታ የለኝም» የምትለዋን ሰበብ ለዛሬ አስቀምጧት። አበባ እንተክላለን!

አይሪስ የሚባለው የአበባ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ከ2,000 በላይ ዝርያ አለው። አንዱ የአገራችን ልጅ ነው፦ አበባው ነጭ፣ እምብርቱ ወይን ጠጅ፣ መዓዛው ሲመሽ የሚያይል። ሆክሽቴተር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ በ1844 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቀው። ሊቃውንቱ ስሙን ደጋግመው ቀያይረውበት አሁን ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ይሉታል። አውሮፓ ውስጥ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እየተባለ ይሸጣል፤ የለንደን ሰው በረንዳው ላይ ሲያሳምረው እኛ ስሙንም አልሰማን! እሱን ካጣችሁ ተራው ግላዲዮለስ ዘመዱ ነው፤ አያያዛቸውም ይመሳሰላል።

ዋልካ አፈር ለጤፍ ወርቅ ነው፤ ጣሳ ውስጥ ግን ክረምት ውኃ ይቋጥርና ሥር ያበሰብሳል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ ቀላቅሉ። የጣሳውን ቂጥ በምስማር ብሱት። ሰኔ ሲገባ የግላዲዮለሱን ድቡልቡል ራስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። መስከረም አጋማሽ ወይም ጥቅምት ላይ ከአደይ ጋር ይፎካከራል።

ችግሩ ኅዳር ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ውኃም ታቆማላችሁ። ጣሳው ደረቅ አፈር ብቻ ይሆናል። ቤት የሚጠርግ ሰው አንስቶ ይደፋዋል፣ ወይም ጎመን ይዘራበታል። ራሱ ግን ከሥር ተኝቷል፤ አልሞተም።

ለዚህ ነው መጻፍ የሚያስፈልገው። እንጨት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዶሮ ይነቅለዋል፤ የማርከር ቀለም ፀሐይ ይበላዋል። ጣሳው ላይ በምስማር ቁጥር ጫሩ፤ 1፣ 2፣ 3። ዝርዝሩን ደብተር ላይ፦ መቼ ተተከለ፣ መቼ በቀለ፣ መቼ አበበ፣ ውኃ መቼ ቆመ።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን በራሳችን ተስፋ የምንቆርጠው ልክ እንደዚህ ባለ ኅዳር ነው። ኮምፒዩተር ስትማሩ፣ ዕቁብ ስትጥሉ፣ ንግድ ስትጀምሩ ምንም የማይታይባቸው ወራት ይመጣሉ። የሠራችሁትን ካልጻፋችሁ አእምሯችሁ «ምንም አልሠራህም» ብሎ ያሳምናችኋል፤ ደብተር ግን አይዋሽም። በየሳምንቱ አንድ መስመር ይበቃል፤ ረጅም ማስታወሻ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

ጣሳውን በጋ ላይ ስትገለብጡት በአሮጌው ራስ ላይ አዲስ ራስ ተሠርቶ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን ልጆች ፈልተው ታገኛላችሁ። ጥቃቅኖቹን አትጣሏቸው። በዚያው ዓመት አያብቡም፤ ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋሉ። ለየብቻ ጣሳ ስጧቸውና ከቁጥር 4 ጀምሩ።