የሽንት ምርመራ እና "የመስታወት ምስል" መድኃኒቶች፦ ማወቅ ያለብዎት

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ሲኖሩ ለሥራ፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለሕክምና ክትትል ሽንት እንዲሰጡ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ሜታምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ነው። ዕፅ ሳይወስዱ፣ በተጠቀሙበት መድኃኒት ምክንያት ውጤትዎ "ፖዘቲቭ" ሊሆን ይችላል።

የመስታወት ምስል ምን ማለት ነው?

ቀኝ እና ግራ እጅዎ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም የቀኝ ጓንት ለግራ እጅ አይሆንም። ሜታምፌታሚንም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው።

• "ዲ" (ቀኝ)፦ አእምሮን በኃይል ያነቃቃል። በሕገወጥ መንገድ የሚሸጠው በአብዛኛው ይህ ነው።
• "ኤል" (ግራ)፦ በአእምሮ ላይ ያለው ኃይል በጣም ያነሰ ነው። የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል።

"ኤል" የት ይገኛል?

• ያለ ሐኪም ማዘዣ በሚሸጡ አንዳንድ በአፍንጫ የሚሳቡ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ። በማሸጊያው ላይ "ሌቭሜታምፌታሚን" ተብሎ ይጻፋል። ደረት ላይ የሚቀባው ቪክስ ይህ ንጥረ ነገር የለውም።
• ለፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘው ሴሌጂሊን በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ወደ "ኤል" ይለወጣል። ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡት።

ላቦራቶሪው እንዴት ይለያል?

የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ኬሚካሎች ሊያምታታ ይችላል። ሁለተኛው፣ የማረጋገጫ ምርመራ፣ ሜታምፌታሚን መኖሩን በትክክል ያሳያል፤ ነገር ግን ቀኝ ይሁን ግራ ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ይህን የሚለየው "የዲ እና ኤል ምርመራ" የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ነው። "ዲ" ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ የአፍንጫ መድኃኒቱ ብቻ ምክንያት ነው ተብሎ አይታሰብም።

ጫትስ?

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሌላ ኬሚካል ነው። በአገር ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ራሱን የቻለ ምርመራም አለው። የዲ እና ኤል ምርመራ ስለ ጫት ምንም አይናገርም።

የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ አሽከርካሪ ከሆኑ

በፌዴራል የትራንስፖርት ደንብ መሠረት የሚሰጡት ሽንት በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል። ውጤቱ ለአሠሪዎ ከመነገሩ በፊት ገምጋሚ ሐኪም ሊያነጋግርዎት ይሞክራል። ስልኩን ያንሱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩት። ውጤቱ በሐኪሙ ከተነገረዎት በኋላ ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ላቦራቶሪ እንዲመረመር ለመጠየቅ 72 ሰዓት አለዎት።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የመድኃኒትዎን ማሸጊያ፣ ማዘዣ እና ደረሰኝ አይጣሉ።
• ውጤቱን ካልተቀበሉት "የዲ እና ኤል ምርመራ ተደርጓል ወይ?" ብለው ይጠይቁ።
• በክሊኒክ ወይም በሆስፒታል ነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።
• ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ።

ጥያቄ ካለዎት መድኃኒት ቤትዎን ወይም ሐኪምዎን ያማክሩ። አነቃቂ ዕፅ የሚጠቀሙ ከሆነ እና ማቆም ከፈለጉም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሕክምና አለ።